ድምፁ አለ፣ መንገዱ ግን የታለ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር በደብዳቤም በቴሌግራምም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ያረፉ ናቸው፣ የተፃፈን ነገር በኮምፒውተር ድምፅ ማዳመጥ። ጠያቂዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው፣ ራሱ የማያይ ተማሪ አለ፣ የአባቷ ዓይን እየደከመ የመጣባት ልጅ አለች፣ የትምህርት ቤት ፀሐፊ አለች፣ ማንበብ የሚከብደው ልጅ ያላት እናት አለች። እኔ ዓይኔን ካጣሁ 22 ዓመት ሆነኝ፣ ከዛ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት በጆሮዬ ነው፣ ስለዚ የዚህን ወር ገፅ ለኔ ስጡኝ ብዬ ለምኜ ነው የወሰድኩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የሕግ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ ሙሉ በሙሉ አላይም። ሞጁሎቹን ጓደኞቼ ተከፋፍለው በስልክ ቀድተው ይሰጡኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ግን አንዱ ፋይል ብቻ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ፈተና ሲደርስ አንዲት ነጥብ ለመፈለግ ግማሽ ቀን ይሄድብኛል። ላፕቶፕ አለኝ፣ ኤንቪዲኤ ሚባለው ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም (ስክሪን ሪደር) ተጭኖበታል፣ እኔ የማውቀው ግን የታች ቀስቱን እየነካሁ መስማት ብቻ ነው። ምን ላርግ? (ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልእክትህን ስሰማ የራሴ የካምፓስ ጊዜ ነው የመጣብኝ። ያኔ በካሴት ነበር። ሪደር የምንላቸው ልጆች ዛፍ ስር ቁጭ ብለው ያነቡልናል፣ እኛ ቴፑን ይዘን እንቀዳለን፣ አንድ ኮርስ 14 እና 15 ካሴት ይወጣዋል፣ ከዛ ፈተና ሲደርስ የቱ ካሴት የቱ ፊት ላይ ምን እንዳለ ማን ያውቃል፣ ወደፊት ታጠነጥናለህ ወደኋላ ታጠነጥናለህ፣ በዛ መሃል ቴፑ ካሴቱን ይበላዋል። ውጭ አገር ለዓይነ ስውራን የሚቀዱ ካሴቶች ላይ አንድ ጥሩ ዘዴ ነበራቸው፣ አዲስ ምዕራፍ ሲጀምር በጣም ወፍራም ዝቅ ያለ ድምፅ ይቀዱበታል፣ በመደበኛው ፍጥነት ስትሰማው ብዙም አይታወቅህም፣ ካሴቱን ስታስሮጠው ግን ጢጥ ብሎ ይሰማል፣ እዛ ላይ ታቆማለህ። እኛ እሱ አልነበረንም፣ ስለዚ ሪደሮቹን "ገፅ በገለጣችሁ ቁጥር የገፁን ቁጥር ጮክ ብላችሁ ጥሩ" እንላቸው ነበር፣ እነሱም ሲያነቡ "ገፅ 46... ገፅ 47" ይላሉ። እኔ በዛች ቁጥር ነው የተመረቅኩት፣ ማጋነን አይደለም።

ይሄን ያወራሁህ ያንተም ችግር እሱው ስለሆነ ነው፣ ካሴቱ ኤምፒ3 ሆነ እንጂ ችግሩ እዛው ነው። የሚያይ ሰው ሞጁል ሲከፍት መች ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ያነባል፣ ገለጥ ገለጥ እያረገ ርዕሱን በዓይኑ ይለቅምና የሚፈልገው ጋ ሲደርስ ነው ቁጭ ብሎ የሚያነበው። 3 ሰዓት የሚሄድ ድምፅ ግን ርዕስም ገፅም የለው፣ ወፍራም መፅሐፍ ላይ ያለ ፅሁፍ በሙሉ አንድ መስመር ላይ ተደርድሮ እንደመስጠት ነው። የምትፈልገው ድምፁ ውስጥ አለ፣ ወደሱ የሚወስድህ መንገድ ነው የጠፋው።

አሁን በእጅህ ያሉትን ፋይሎች ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ክፈታቸው። ሺፍትና ቀስት 3 ሰከንድ፣ አልትና ቀስት 10 ሰከንድ፣ ኮንትሮልና ቀስት 1 ደቂቃ ያዘልሉሃል፣ ኮንትሮል ቲ ስትነካ ደሞ የምትፈልገውን ሰዓትና ደቂቃ ፅፈህ ቀጥታ እዛ ትሄዳለህ። ስለዚ አንዴ ሙሉውን ስታዳምጥ ጎን ለጎን ኖትፓድ ክፈትና "የውል አፈፃፀም፣ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ" እያልክ የራስህን ማውጫ ያዝ። የመጀመሪያው ቀን አድካሚ ነው አውቃለሁ፣ ከዛ በኋላ ግን ግማሽ ቀን የፈጀብህ ነገር በ10 ሰከንድ ይገኛል። ሌላው መንገድ ኦዳሲቲ ሚባለው ድምፅ የሚቆራርጥ ፕሮግራም ነው፣ እሱም ነፃ ነው ከኤንቪዲኤ ጋርም ይግባባል፣ ፋይሉን ከፍተህ ርዕስ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ስትደርስ ኤክስ ነክተህ ታቆምና ኮንትሮል ቢ ትነካለህ፣ የርዕሱን ስም ትፅፋለህ፣ መጨረሻ ላይ በነዛ ምልክቶች ቆራርጦ ለየብቻ ፋይል አርጎ እንዲያስቀምጥልህ ታዘዋለህ። ጓደኞችህ ለወደፊቱ ሲቀዱልህ ደሞ አንድ ርዕስ አንድ ፋይል ይሁን በላቸው፣ ስሙን ሲሰጡ 01፣ 02፣ 03 ብለው ይጀምሩ፣ 1 ብቻ ካሉት አንዳንድ ማጫወቻ ከ1 ቀጥሎ 10ን ያመጣብሃል። የገፅ ቁጥርም ይጥሩልህ።

አሁን ግን ዋናውን ልንገርህ። ያ ሞጁል መጀመሪያ የተፃፈው በኮምፒውተር ነው እኮ! አንድ ሰው ዎርድ ላይ ፅፎት፣ ፕሪንት ተደርጎ፣ ጓደኛህ ደሞ ወረቀቱን አንብቦ ወደ ድምፅ መለሰልህ። ለምን ያን ሁሉ ዙሪያ ትዞራለህ፣ ሶፍት ኮፒውን ጠይቅ። የሰው ድምፅ ደስ እንደሚል እኔም አውቃለሁ፣ ለልብ ወለድ እኔም የሰው ድምፅ ነው የምመርጠው፣ ለትምህርት ግን ፅሁፍ ይበልጣል ምክንያቱም ፅሁፍ ውስጥ መዝለል ትችላለህ፣ መፈለግ ትችላለህ፣ ፊደል በፊደል ማስቆጠር ትችላለህ።

ኤንቪዲኤ ላይ የታች ቀስት ብቻ የምትጠቀም ከሆነ ከመኪናው አንደኛ ማርሽ ብቻ ነው የምታውቀው ማለት ነው። ኢንሰርትና 1 ንካ፣ የመለማመጃ ሁኔታ ውስጥ ትገባለህ፣ ከዛ በኋላ የነካኸው ቁልፍ ሁሉ ስራውን ይነግርሃል እንጂ ምንም አያበላሽም፣ እንደገና ኢንሰርትና 1 ስትነካ ትወጣለህ። ኢንተርኔት ገፅ ላይ ኤች ስትነካ ወደሚቀጥለው ርዕስ ትዘላለህ፣ ሺፍት ጨምረህ ስትነካው ወደኋላ። 1፣ 2፣ 3 እስከ 6 ያሉት ቁጥሮች በደረጃ ነው የሚወስዱህ፣ 1 ትልቁ ርዕስ፣ 2 በሱ ስር ያለው እያለ ይወርዳል። ቲ ሰንጠረዥ፣ ኬ ሊንክ፣ ኤል ዝርዝር ነው። ዎርድ ላይም ይሰራል፣ መጀመሪያ ኢንሰርትና ስፔስ ነክተህ የማንበቢያውን ሁኔታ ማብራት ነው። ኢንሰርትና ኤፍ7 ከነካህ ደሞ የዶክመንቱን ርዕሶች ሰብስቦ እንደ ማውጫ ያቀርብልሃል፣ ፊደል እየፃፍክ ዝርዝሩን ታጠብበዋለህ፣ ኢንተር ስትል እዛው ነህ። ኮንትሮል ዝም ያሰኘዋል፣ ሺፍት ደሞ ለጊዜው ያቆመዋል፣ ደግመህ ስትነካው ካቆመበት ያስቀጥለዋል። ዌብኤይም ሚባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የስክሪን ሪደር ተጠቃሚዎች ጥናት ላይ ረጅም ገፅ ላይ መረጃ ለመፈለግ መጀመሪያ በርዕስ ነው የምንዘለው ያሉት ከ10 ሰው 7ቱ ያህል ናቸው፣ እና አንተም ከኤች ጀምር።

ለሕግ ተማሪ ደሞ የተለየ ምክር አለኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 ቁጥሮች ነው ያሉት፣ እሱን በቀስት እየወረድክ አትጨርሰውም። በፍለጋ ሂድ፣ ዎርድ ላይ ኮንትሮል ኤፍ፣ ኢንተርኔት ገፅ ላይ ኢንሰርት ኮንትሮል ኤፍ። ግን በአማርኛ ስትፈልግ የሆሄው ነገር ያስቸግርሃል፣ አንዱ "ሕግ" ብሎ ይፅፋል አንዱ "ህግ"፣ አንዱ "አንቀጽ" አንዱ "አንቀፅ"፣ ለጆሮህ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ፈፅሞ የማይገናኙ ቃላት ናቸው፣ "አልተገኘም" ሲልህ የለም ማለት አይደለም። ስለዚ የማይለዋወጠውን ክፍል ብቻ ፃፍ፣ "አንቀ" ብለህ ፈልግ። ከሁሉ የሚሻለው ቁጥር ነው፣ ውል ምን እንደሆነ የሚተረጉመውን ከፈለግክ 1675 ብለህ ፃፍ፣ ቁጥር ሞክሼ ፊደል የለውም። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ደሞ ተጠንቀቅ፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሚታተም ከፒዲኤፉ ሲወጣ አንዳንዴ ግማሽ መስመር አማርኛ ግማሽ መስመር እንግሊዝኛ እየሆነ ይደባለቃል፣ ያ ሲገጥምህ ጥፋቱ ያንተ ወይም የኤንቪዲኤ እንዳይመስልህ፣ አንድ የሚያይ ጓደኛ አማርኛውን ብቻ ለይቶ ዎርድ ላይ እንዲያስቀምጥልህ አድርግ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፀሐፊ ነኝ። ዘንድሮ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ገብቶልናል፣ ማስታወቂያና የመለማመጃ ጥያቄ በፍላሽ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ግን ኮምፒውተሩ "የማይገባ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጠራልኝ" ይላል። እኔ ስከፍተው ግን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፣ ፓወር ግዕዝ ነው የምጠቀመው። ልጁ ተሳስቶ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ይሄን ብለሽ ስለጠየቅሽ ብቻ አመሰግንሻለሁ፣ ብዙ ቦታ ልጁ ነው ኮምፒውተር የማይችለው ተብሎ ይታለፋል። ልጁ አልተሳሳተም። አንቺም በትክክል አማርኛ ነው የምታዪው። ሁለታችሁም እውነት ናችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ የአማርኛ ፊደል በኮምፒውተር ዓለም የራሱ ቦታ አልነበረውም። ፊደላችን ዩኒኮድ ሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዛ በፊት የተሰሩት ፎንቶች፣ የድሮው ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ምናምን፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተበድረው መልኩን ብቻ በአማርኛ የሚቀይሩ ነበሩ። አንቺ "ለ" ስታዪ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው። ዓይን መልኩን ስለሚያይ ምንም አይታወቀውም፣ ስክሪን ሪደር ግን መልክ አያይም፣ የሚያነበው ከስር የተቀመጠውን ነው፣ ስለዚ ልጁ የሚሰማው ያንን ነው።

መፍትሄው ቀላል ነው። ፓወር ግዕዝ ራሱ ዩኒኮድ የሆነ ፎንትና አፃፃፍ አለው፣ ወደሱ ቀይሪ፣ ወይም ዊንዶውስ 10 ላይና ከዛ ወዲህ ባሉት አብሮ የሚመጣውን የአማርኛ ኪቦርድ ተጠቀሚ፣ ፎንቱን ኒያላ ወይም ኢብሪማ አርጊው። ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለግሽ ፅሁፉን ኮፒ አርገሽ ኖትፓድ ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ ፔስት አርጊው፣ አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ የላቲን ዝብርቅርቅ ከሆነ ልጁ የሚሰማው እሱን ነው። የድሮ ፋይሎችሽን የሚቀይሩ መቀየሪያዎች አሉ ግን ከቀየርሽ በኋላ አንብቢው፣ ፊደል ይስታሉ።

እግረ መንገዴን ሁለት ነገር ልጨምር። ርዕስ ስትፅፊ ፊደሉን አተልቀሽና አድምቀሽ ብቻ አትተዪው፣ ጠቋሚው ርዕሱ ላይ እያለ ኮንትሮል አልት 1 ንኪ፣ ንዑስ ርዕስ ከሆነ ኮንትሮል አልት 2። የፊደሉ መልክ ካልወደድሽው መቀየር ትችያለሽ፣ ዋናው ፋይሉ ውስጥ "ይሄ ርዕስ ነው" ተብሎ መፃፉ ነው፣ እሱ ካለ ልጁ በአንድ ቁልፍ ክፍል ሁለት ጥያቄዎች ጋ ይደርሳል፣ ከሌለ 40 ጥያቄ ከላይ ጀምሮ ይሰማል። አራት ነጥቡንም ሁለት ሁለት ነጥብ ደርድረሽ ሳይሆን ራሱን አራት ነጥቡን ፃፊ፣ ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ኮምፒውተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን የሚያውቀው በትክክለኛው ነው፣ አለበለዚያ ትንፋሽ ሳይወስድ ያነበንባል።

ሌላው የማህተም ነገር ነው። እኛ አገር ማስታወቂያ ፕሪንት ይደረጋል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ይመታበታል፣ ከዛ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ወይም ስካን ተደርጎ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። ፎቶ ለስክሪን ሪደር ባዶ ወረቀት ነው፣ "ባዶ ዶክመንት" ብሎ ዝም ይላል። ማህተሙ ይቅር አልልም፣ ማህተም የተመታበትን ልቀቁ፣ ከስሩ ግን የዎርዱን ፋይልም አብራችሁ ልቀቁ፣ ወይም ዎርዱን ሴቭ አዝ ብለሽ ፒዲኤፍ አርጊው፣ ፕሪንት በሚለው በኩል አይሁን እሱ ርዕሶቹን ይጥላቸዋል። ይሄ ከ1 ደቂቃ በላይ አይወስድብሽም፣ ልጁ ግን የፈተና ቀን መቀየሩን ከጓደኞቹ እኩል ያውቃል። እኔ አንድ ጊዜ ለስራ ያመለከትኩበት መስሪያ ቤት የፈተናውን ሰዓት የቀየረበትን ማስታወቂያ በፎቶ ለቆት ሳላውቅ በድሮው ሰዓት ሄጄ በሩ ተዘግቶ ጠብቆኛል፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ 74 ዓመቱ ነው፣ አዲስ አበባ ነው ያለው። ግላኮማ አለበት፣ ሰውየው ጋዜጣ ሳያነብ ቁርስ የማይበላ ነበር አሁን ግን ፊደሉ እየጠፋበት ነው፣ ዝም ብሎ ይተክዛል። ላፕቶፕ ልልክለት አስቤያለሁ። አማርኛ የሚያነብ ነገር አለ? (ከዱባይ)

መልስ፦ አለ እህቴ፣ ድሮ ካለው በጣም የተሻለ አለ። ማይክሮሶፍት ኤጅ ሚባለው ብራውዘር ዊንዶውስ ላይ አብሮ ይመጣል፣ የአማርኛ ገፅ ከፍተው ኮንትሮል ሺፍት ዩ ሲነኩ ማንበብ ይጀምራል፣ ከድምፆቹ ምርጫ ውስጥ ደሞ መቅደስና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉ፣ አንዷ የሴት አንዱ የወንድ። ለሰው ድምፅ በጣም ይቀርባሉ፣ እኔ መጀመሪያ የሰማኋቸው ቀን ቆሜ ነው ያዳመጥኩት። ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ፣ መስመር ሲጠፋ እነሱም ይጠፋሉ። ያለ ኢንተርኔት የሚሰራው ኤንቪዲኤ ላይ አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ነው፣ አማርኛ ይችላል፣ ድምፁ ግን የብረት ነው፣ እኔ ለምጄዋለሁ አባትሽ ግን መጀመሪያ ቀን በሱ ከጀመሩ ይጠሉታል ብዬ እፈራለሁ።

አንድ ልዩነት እወቂ። ኤጅ ላይ ያለው የተከፈተውን ገፅ ብቻ ነው የሚያነበው፣ ወደፊትና ወደኋላ አንድ አንድ አንቀፅ ያስኬዳል እንጂ በርዕስ አያዘልልም፣ ኮምፒውተሩን ራሱን ለመክፈትና ፋይል ለመፈለግ አይረዳም። ኤንቪዲኤ ግን ከላፕቶፑ መነሳት እስከ መዘጋት ያለውን ሁሉ ይናገራል። አባትሽ አሁንም ትንሽ የሚያዩ ከሆነ በኤጅ ይጀምሩ፣ የዊንዶውስ ቁልፍና መደመር ሲነኩ ስክሪኑ እንደሚተልቅም ንገሪያቸው። ግን ገና ትንሽ እያዩ እያለ ኪቦርዱን በጣት ይልመዱት፣ ኤፍ እና ጄ ላይ ያሉትን ትናንሽ እብጠቶች በጣታቸው ያግኟቸው፣ ኮንትሮል ላይ ደሞ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉላቸው፣ ዝም ማሰኛዋን ማግኘት ከሁሉ በፊት ነው፣ ማስቆም የማይችለው ድምፅ ሰውን ያስፈራዋል። ማየት ካቆሙ በኋላ ከመማር አሁን መማር በጣም ይቀላል፣ ይሄን ከራሴ ነው የምነግርሽ፣ እኔ እምቢ ብዬ 2 ዓመት ነው ያባከንኩት።

የሚወዷቸውን 3 እና 4 ገፆች ዴስክቶፕ ላይ አስቀምጡላቸው፣ መጀመሪያ ቀን ስለ ኮምፒውተር አታስተምሯቸው፣ ጋዜጣቸውን ስጧቸው። የዓይን ሕክምናውንም እንዳያቋርጡ፣ ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ነው የምኖረው። የ11 ዓመት ልጄ ዲስሌክሲያ፣ ማለትም ፊደል ማንበብ የሚያስቸግር ነገር፣ እንዳለበት ተነግሮናል፣ እዚህ በላይብረሪ በኩል ሌጊሙስ ሚባል አፕ ላይ መፅሐፍ በድምፅ ያዳምጣል፣ ገፅ በገፅ ይዘላል። ሁለት ነገር ይጨንቀኛል፣ አንደኛ ይሄ ነገር ያሰንፈዋል ወይ፣ ሁለተኛ አማርኛውንም እንዲህ ባስነብበው ደስ ይለኝ ነበር።

መልስ፦ አያሰንፈውም። ልጅሽ ታሪኩን ይከተላል፣ ቃላት ይይዛል፣ ያስባል፣ ፊደሉ ላይ የሚያልቅ የነበረው ጉልበት ለሌላው ይተርፈዋል። እኔን ማንም ሰነፍ ብሎኝ አያውቅም፣ ልጅሽም ሊባል አይገባም።

የሚጠቀምበት ነገር ደሞ የተወለደው እዛው እናንተ ጋ ነው። ዴዚ ይባላል። ስዊድን ያለው የዓይነ ስውራን የድምፅ መፃሕፍት ቤተ መፃሕፍት፣ አሁን ሌጊሙስን የሚያስተዳድረው ኤምቲኤም የሱ ተተኪ ነው፣ የድምፅ መፅሐፍ ለምን እንደ መፅሐፍ አይገለጥም ብሎ ተነሳ፣ ከዛ ከሌሎች አገሮች ተቋማት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 የዴዚን ማህበር መሰረቱ። ውስጡ ሲታይ በጣም ቀላልና በጣም የሚያምር ሃሳብ ነው፣ አንድ በኩል ድምፁ አለ፣ ሌላ በኩል የርዕሶችና የገፆች ዝርዝር አለ፣ መሃል ላይ ደሞ ይሄ ርዕስ ድምፁ ላይ ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ ነው እያለ ሁለቱን የሚያስተሳስር ትንሽ ፋይል አለ። ፅሁፉም ካለ ድምፁ እየሄደ ቃሉ ይበራል፣ ለልጅሽ በጣም የሚጠቅመው ይሄኛው ነው። ማጫወቻው ላይ የላይና የታች ቁልፍ ደረጃ ይመርጣል፣ ምዕራፍ ወይ ንዑስ ርዕስ ወይ ገፅ፣ የግራና የቀኝ ቁልፍ ደሞ በመረጥሽው ደረጃ ያዘልላል። ለጎንደሩ ተማሪ የፃፍኩት ኖትፓድ ላይ የተያዘ ማውጫ እዚህ ላይ ራሱ መፅሐፉ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ኋላ ላይ ይሄው ሃሳብ እ.ኤ.አ. በ2011 ኢፐብ 3 ሚባለው የኤሌክትሮኒክ መፅሐፍ አሰራር ውስጥ ገባ።

አማርኛውን ቤትሽ መስራት ትችያለሽ። የዴዚ ማህበር ኦቢ ሚባል ነፃ ፕሮግራም አለው፣ ርዕስ ትከፍቻለሽ፣ በራስሽ ድምፅ ታነቢያለሽ፣ ገፅ ስትገልጪ ምልክት ታደርጊያለሽ፣ መጨረሻ ላይ ዴዚ ወይም ኢፐብ አርጎ ያወጣልሻል። የተሳሳትሽውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነጥለሽ እንደገና መቅዳት ትችያለሽ። ለማዳመጥ ቶሪየም ሚባለውን ነፃ ማንበቢያ ኮምፒውተሩ ላይ ጫኚለት። አያቱ አዲስ አበባ ካሉ አያቱ ይቅዱለት፣ ተረት በአያት ድምፅ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚዘለል፣ እኔ ይሄን ሳስበው ራሱ ደስ ይለኛል።

ስለ ቅጂ መብት ሕጉ እንዳትጨነቂ ደሞ፣ የማራካሽ ስምምነት ሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የፀደቀ፣ ኢትዮጵያም በ2020 ገብታበታለች። የታተመ ፅሁፍ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች፣ ዲስሌክሲያ ያለባቸውንም ይጨምራል፣ የተፈቀደላቸው ተቋማት መፅሐፍን በሚነበብ መልክ እንዲያዘጋጁና ከአገር አገር እንዲላላኩ የሚፈቅድ ነው። እዛ ያለውን ላይብረሪ በአማርኛ የተዘጋጀ ነገር ከሌላ አገር ማስመጣት ይችሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ካልተጠየቀ ማንም አያስመጣም።

ጥያቄ፦ ስክሪን ሪደሩ አማርኛ ሲያነብ ቃል ያበላሻል፣ "ገና" የሚለውን በዓሉንም "ገና ነው" የሚለውንም አንድ አይነት ነው የሚያነበው። የኔ ኮምፒውተር ብቻ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ያንተ ብቻ አይደለም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይፅፍም፣ "ዋና" ብለህ ስትፅፍ ውሃ ውስጥ ያለው ይሁን ዋናው ነገር፣ "አለ" ስትል ተናገረ ይሁን እዚህ ነው፣ "ይበላል" ስትል በላተኛው ይሁን የሚበላው ነገር፣ የሚያይ ሰውም የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ነው፣ ኮምፒውተሩ ደሞ ብዙ ጊዜ ይገምታል። ግራ ሲገባህ ወደኋላ ተመልሰህ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ስማው፣ ካልሆነ ኢንሰርትና የላይ ቀስት ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ንካ፣ መስመሩን ፊደል በፊደል ይቆጥርልሃል። ፍጥነቱንም ቀስ እያልክ ጨምረው፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ፣ ኢንሰርት ኮንትሮልና የግራ ወይ የቀኝ ቀስት እያልክ ፍጥነት የሚለው ጋ ስትደርስ ኢንሰርት ኮንትሮልና የላይ ቀስት ነው። አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ዝቅ አርገህ ተወው፣ እኔም እንደዛ ነው የማረገው።